የገደራ አሮጌ ቤቶችና የእኛ ታሪክ

ገደራ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዘመድ የምንጠይቅበት፣ ሠርግና ለቅሶ የምንደርስበት ሰፈር ነው። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ በዚያችው ከተማ መሀል ስላለው አሮጌ መንገድ፣ ስለ ቢሉዊም ጎዳና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1881 በሩሲያ በአይሁዶች ላይ ዘረፋና ግድያ ተነሣ። በካርኮቭ ከተማ የነበሩ ወጣት ተማሪዎችም ወደ አገራችን እንግባ ብለው በ1882 ቢሉ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ የተወሰደው ከነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 5 ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ነው። የመጀመሪያዎቹ 14 ሰዎች በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ያፎ ደረሱ። እርሻ የማያውቁት ልጆች በሚቅቬ እስራኤል በቀን ሠራተኝነት ቆፈሩ። በ1884 ደግሞ የሂኤል ሚካኤል ፒነስ ከቃጥራ መንደር አጠገብ በገዛላቸው መሬት ላይ ገደራን መሠረቱ።

ሌሎቹን ብዙ መንደሮች ባሮን ሮትሺልድ ሲረዳ ገደራን አልያዘም፤ የደገፋት የሖቬቬ ጽዮን ማኅበር ነው። የቱርክ መንግሥትም የግንባታ ፈቃድ ስለከለከላቸው መጀመሪያ የኖሩት በእንጨት ጎጆ ተጠጋግተው ነው። የድንጋዩ ቤት የመጣው ቆይቶ ነው።

እነዚህ ቤቶች እንዲሁ አልተረፉም። በቴል አቪቭ በ1909 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሄርጽሊያ ጊምናዚያ በ1962 ፈርሶ በቦታው ፎቅ ተሠራ። ብዙ ሰው የተቆጨው ከፈረሰ በኋላ ነው። በ1984 የቅርስ ቦታዎች ጥበቃ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ1991 ደግሞ በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ ላይ ስለ ጥበቃ አራተኛ ተጨማሪ ክፍል ገባበት። በዚህ ሕግ መሠረት የአካባቢው አስተዳደር የጥበቃ ኮሚቴ ሊኖረውና የሚጠበቁትን ቦታዎች መዝግቦ ሊይዝ ይገባል። ዓመቶቹን ልብ በሉ፤ 1984 የሙሴ ዘመቻ የተጀመረበት፣ 1991 የሰሎሞን ዘመቻ ዓመት ነው። እኛ ስንገባ አገሪቱ አሮጌ ቤቶቿን መቁጠር ጀምራ ነበር።

እኔ ከሠራዊት ከወጣሁ ጀምሮ የምተዳደረው በሙያ ትምህርት ቤት በተማርኩት የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ችግሩን ያውቃል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳን እንደ ብሎኬት ቦርቡረህ ሽቦ አትቀብርበትም። ሥራው ቀርፋፋ ነው፣ ወጪው ይበዛል። በቦታው ላይ ፎቅ ቢሠራ የሚያተርፍ ባለቤት ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ቢሆንም ቤቱ አንዴ ከፈረሰ መልሶ የሚተካው የለም።

ታዲያ የእኛስ? በጎንደር የቤተ እስራኤል ግንበኞች በነገሥታቱ ግንብ ሥራ እንደተሳተፉ ይነገራል፤ ፋሲል ግቢም በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አባቶቻችን ራሳቸው የኖሩበት ግን የሣር ክዳን ጎጆ ነበር፤ ጎጆ ደግሞ ባለቤቱ ሲሄድ አብሮ ይፈርሳል። በሱዳን በረሃ የተጓዙበትን መንገድ የሚያሳይ ግድግዳም የለም። ስለዚህ የእኛ የሚጠበቀው ሰፈር በሽማግሌዎቻችንና በእናቶቻችን አፍ ውስጥ ያለው ነው። እሱን የሚጠብቅ ኮሚቴ አንጠብቅ። ገደራን የመሠረቱት ጥቂት ልጆች ነበሩ፤ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ቤቱም ወሬውም ስለተጠበቀላቸው ነው።

ወገኖቼ፣ በመጪው በዓል አያቶቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ የመንደሩን ስም፣ የወንዙን ስም፣ የኬሱን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ድምፃቸውንም ቅረጹ። ልጆቻችሁንም ወደ ቢሉዊም ጎዳና ውሰዱ፤ እነዚህም አዲስ ገቢዎች ነበሩ በሏቸው።

እግዚአብሔር ሽማግሌዎቻችንን ያቆይልን። ቸር ያሰማን።