የሥልጣን እገዳ፦ የመሐላ አፍራሾች አንቀጽ

በአሜሪካ ዜና «ዲስኳሊፊኬሽን ክሎዝ» ሲባል የሰማ አንባቢ ብዙ ነው። በአማርኛ «የሥልጣን እገዳ ድንጋጌ» ብንለው ይስማማዋል። «የሹመት» ያላልነው የተመራጭንም ወንበር ስለሚነካ ነው፤ «ቅጣት» ያላልነው ደግሞ የወንጀል ፍርድ ስላልሆነና እገዳ የሚነሳ ነገር በመሆኑ ነው።

ድንጋጌው በሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ፣ ክፍል 3 ላይ ይገኛል። ማሻሻያው የጸደቀው በ1868 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሜሪካ የወለዱ ወገኖቻችን ክፍል 1ን ያውቁታል፤ እዚያ የተወለደ ሕፃን ዜጋ የሚሆነው በእሱ ነውና። ክፍል 3 ግን ያነጣጠረው በእርስ በርሱ ጦርነት በተሸነፉት የደቡብ መሪዎች ላይ ነበር።

አንቀጹ ያመፀን ሁሉ ከሥልጣን አያግድም። የሚያግደው አስቀድሞ በመኮንንነት ወይም በባለሥልጣንነት ሕገ መንግሥቱን ሊጠብቅ ምሎ፣ ኋላ ያመፀውን ወይም ጠላትን የረዳውን ነው። ከእርሻው ተነሥቶ ለደቡብ የዘመተ ተራ ገበሬ አይመለከተውም። ሮበርት ሊ ግን በ1829 ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተመርቆ እስከ 1861 የፌዴራሉ ጦር መኮንን ነበር፤ ከዚያ ለቆ የደቡብን ጦር መራ። አንቀጹ ለእንደሱ ያለ ሰው የተሰፋ ነው።

እገዳውን ማንሳት የሚችለው ኮንግረስ ብቻ ነው፤ ለዚያም በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። የሊ የቅርብ ጄኔራል የነበረው ጄምስ ሎንግስትሪት ከጦርነቱ በኋላ ኮንግረሱን ከያዙት ሪፐብሊካኖች ጋር አበረ፤ እገዳውም በዚያው በ1868 ተነሳለት። በ1880 በኦቶማን ቱርክ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ተሾመ። ይቅርታው ወገን እየለየ ነበር የሚል ቢኖር አልከራከረውም። በ1872 የወጣ ሕግ አብዛኛውን ሰው ነጻ ሲያወጣ፣ ቀድሞ የፌዴራል ጦር መኮንን የነበሩትን ግን አስቀረ። የቀረው እገዳ በሙሉ የተነሳው በ1898 ነው። በዚያው ዓመት የቀድሞው የደቡብ ጄኔራል ጆሴፍ ዊለር የአሜሪካን ጄኔራልነት ማዕረግ ለብሶ ኩባ ላይ ከስፔን ጋር ተዋጋ።

ድንጋጌው ግን አልተሻረም። የኮሎራዶ ፍርድ ቤት ዶናልድ ትራምፕን በዓመፅ ተሳትፈዋል ብሎ በዚሁ አንቀጽ ከምርጫ ወረቀት ቢያስወጣቸውም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2024 ውሳኔውን ሻረው፤ ክፍለ ግዛቶች በፌዴራል ሥልጣን ተወዳዳሪዎች ላይ እገዳውን በራሳቸው ማስፈጸም አይችሉም አለ።