ኤድና አደን፦ ጤናንና ፖለቲካን ያስተሳሰረ የሃርጌሳ ሕይወት

በሶማሊላንድ የጤና ፖሊሲ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሣ ሰዎች አንዷ ኤድና አደን ኢስማኢል ናቸው። አዋላጅ ነርስ፣ የጤና ባለሥልጣን፣ የቀድሞ ቀዳማዊት እመቤት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና የሆስፒታል መሥራች ሆነው አገልግለዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድና በ1937 በሃርጌሳ ተወለዱ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ሶማሊላንድ አካል ነበረች። አባታቸው አደን ኢስማኢል በሙያቸው የተከበሩ ሐኪም ነበሩ። ልጅቱ ግን በስምንት ዓመቷ ገደማ፣ አባቷ ከቤት ባልነበሩበት ወቅት ተገረዘች። አባቷ ሲመለሱ በነገሩ ክፉኛ ማዘናቸውን ኤድና በኋላ በአደባባይ ተናግረዋል። የኋለኛው ትግላቸው ሥርም ከዚህ ይጀምራል።

በ1950ዎቹ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ብሪታንያ በመሄድ ነርስነትና አዋላጅነት አጠኑ። በ1961 ሲመለሱ፣ በሙያው ተመርቀው ከመጡ የአገሪቱ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ።

ከቤተ መንግሥት ወደ ጤና ሚኒስቴር

ባለቤታቸው ሞሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል በ1967 የሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በጥቅምት 1969 ጄኔራል ዚያድ ባሬ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ ኢጋል ታሰሩ። ኤድና ከፖለቲካው ማዕበል በኋላም ከሙያቸው አልራቁም። በጤና ሚኒስቴር ውስጥ በኃላፊነት ሠሩ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽም የሴት ልጅ ግርዛትን በአደባባይ አወገዙ። ጉዳዩ በሹክሹክታ እንኳ በማይነሣበት ዘመን፣ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር።

በ1980ዎቹ በሞቃዲሾ የጀመሩት የሆስፒታል ግንባታ በአገሪቱ ቀውስ ምክንያት ከንቱ ቀረ። በ1988 ሃርጌሳ በራሷ መንግሥት አውሮፕላኖች ተደበደበች። በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሐርትሼክና ወደ አካባቢው የስደተኞች ካምፖች ተሰደዱ። ሶማሊላንድ በግንቦት 1991 ነጻነቷን አወጀች። ኤድና በጂቡቲ የዓለም ጤና ድርጅት ተወካይ ሆነውም ሠርተዋል።

በቆሻሻ መጣያ ላይ የተሠራ ሆስፒታል

ጡረታ ሲወጡ ወደ ሃርጌሳ ተመለሱ። መንግሥት የሰጣቸው መሬት የቆሻሻ መጣያ ነበር። የቁጠባና የጡረታ ገንዘባቸውን አዋሉበት፤ ጌጣቸውንና መኪናቸውንም ሸጡ። ሆስፒታሉ በመጋቢት 2002 ተከፈተ።

ዋና ዓላማው ማዋለድ ብቻ ሳይሆን አዋላጆችን ማሠልጠንም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በወሊድ ጊዜ ደም የፈሰሳትን ወይም ምጥ የጠናባትን እናት ከሩቅ መንደር ወደ ከተማ ለማድረስ ሰዓታት ይፈጃል። አዋላጅ በመንደሩ ካለች ግን አደጋውን ቀድማ ትለያለች። በ2020 የወጣው የሶማሊላንድ የጤናና የሥነ ሕዝብ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 396 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 98 በመቶው መገረዛቸውንም አመልክቷል።

ዕውቅናና ጤና

ኤድና ከ2003 እስከ 2006 የሶማሊላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ለእርሳቸው የዕውቅና ጥያቄ የባንዲራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዕውቅና የሌለው መንግሥት ከዓለም ባንክ በቀጥታ መበደር አይችልም። የጤና ዕርዳታውም በአብዛኛው በተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና በግብረ ሰናይ ድርጅቶች በኩል ስለሚመጣ፣ ዕቅዱ በለጋሾች ፍላጎት ይወሰናል።

የግርዛቱ ክርክርም አልተቋጨም። በየካቲት 2018 የሶማሊላንድ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴር ከባዱን የግርዛት ዓይነት የሚከለክል ፋትዋ አወጣ። ቀለል ይላል የሚባለው ዓይነት ግን ያከራክራል፦ አንዳንድ የሃይማኖት አባቶች ይፈቅዱታል፤ እንደ ኤድና ያሉ የጤና ባለሙያዎች ግን ሙሉ ለሙሉ እንዲቀር ይሻሉ። በጎረቤት ኢትዮጵያ የወንጀል ሕጉ ግርዛትን ከ2005 ጀምሮ ያስቀጣል፤ ሆኖም በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። ሕግ ብቻውን ልማድን እንደማይለውጥ ይህ ያሳያል።

ኤድና በ2023 የቴምፕልተን ሽልማትን ሲያሸንፉ ከአፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። በሃርጌሳ ግን ውርሳቸው የሚለካው በሌላ ነው፦ ከሆስፒታላቸው ተመርቀው ወደየመንደሩ በሚመለሱ አዋላጆችና ከምጥ በሰላም በሚነሡ እናቶች።