የፕሮሰሰር ፍጥነትና የሙቀት ዋጋው

ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ኮምፒዩተሩ ተንቀራፈፈ፤ ፕሮሰሰሩን ማፍጠን አይቻልም ወይ?» ይላሉ። ይቻላል፤ ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። ታሪኩ ግን ከሙቀት ታሪክ ተለይቶ አይነገርም፤ በተለይ እንደ ሶባ ባለ ቦታ።

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው «ፒሲ ኤቲ» 6 ሜጋኸርዝ ነበር። ምቱን የሚሰጠው ክሪስታል ከሶኬቱ ስለሚነቀል ሰዎች የ12 ሜጋኸርዙን አውጥተው 16 ተከሉበት፤ ምቱ ለሁለት ስለሚካፈል ማሽኑ በ8 ሮጠ። ኩባንያው ይህን አልወደደውም። በኋላ የወጣው ባዮስ ፍጥነቱን እየለካ፣ ከልክ ያለፈውን ማሽን አላስነሳም ይል ጀመር።

ኦቨርክሎኪንግ የብዙ ሰው ነገር የሆነው ግን በ1998 ነው። ኢንቴል «ሴሌሮን 300ኤ» የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ማባዣው 4.5 ላይ ተቆልፏል፤ የማዘርቦርዱ ምት ግን ከ66 ወደ 100 ሲቀየር 300 የነበረው 450 ይሆናል። ያው የማባዛት ስሌት ነው! በ2000 ደግሞ በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ያሉትን የተቆረጡ መስመሮች በተራ እርሳስ አገናኝቶ ማባዣውን መክፈት ተለመደ።

ታዲያ ዋጋው ምንድን ነው? ፕሮሰሰር የሚያወጣው ሙቀት በፍጥነቱ ልክና በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይጨምራል። ፍጥነቱን በግማሽ ጨምረን፣ እንዳይደናበር ቮልቴጁን 10 በመቶ ከፍ ብናደርግ 1.5 × 1.1 × 1.1 ማለት ነው፤ ወደ 1.8 እጥፍ። የሒሳብ መምህራን ይህችን ለክፍል ቢጠቀሙባት ደስ ይለናል። በ2001 «ቶምስ ሃርድዌር» የተባለው ድረ ገጽ ባሳየው ቪዲዮ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ማቀዝቀዣው ሲነሣ የኤኤምዲው አትሎን በሰከንዶች ውስጥ ጨሶ ተቃጠለ፤ ፔንቲየም 4 ግን ራሱን እያዘገየ ተረፈ።

አሁን ወደ ሶባ እንምጣ። በ2023 ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት እዚያ ስናስተምር፣ የበጋው ቀን ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ክፍሉ እንደ ምጣድ ይግል ነበር። ማቀዝቀዣና ፋን ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ማውረድ አይችሉም። ከክፍሉ በ35 ዲግሪ የሚበልጥ ፕሮሰሰር በ22 ዲግሪ ክፍል 57 ይሆናል፤ በ42 ዲግሪ ክፍል 77። ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈ መመሪያ «ምንም አይልም» ቢል ለእኛ አይሆንም። እንዲያውም የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው፤ በቀትር ምቱን ዝቅ ማድረግ። በእርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር ከተቃጠለ ማን ይተካልናል?

አቧራውም አለ። ሀቡቡ ካለፈ በኋላ የማቀዝቀዣው ክንፎች መሐል እንደ ብርድ ልብስ ይጋገራል፤ አየር አያሳልፍም። ስናጸዳ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ገመዱን እንነቅላለን፤ ፋኑን በጣት ይዘን እንዳይሽከረከር አድርገን በለስላሳ ብሩሽ እንጠርጋለን። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ውኃ ሊረጭ ስለሚችል አንመክረውም። ፓወር ሳፕላዩን መክፈት ግን በፍጹም አይገባም፤ ገመዱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ማቀዝቀዣው ከተነሣ የደረቀውን ቅባት በአልኮል ጠርጎ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት ማድረግ ይበቃል። ብዙ መለቅለቅ አይጠቅምም።

ፋብሪካዎቹም ከሙቀቱ አላመለጡም። ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ብሎ በጥቅምት 2004 ተወው፤ በ2005 ሁለት ኮር ያላቸውን ይዞ መጣ። ከ2008 ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮቹ ሲቀዘቅዙ ራሳቸው ምታቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሲግሉ ይቀንሳሉ። እንዲህ ያለ ማሽን የገባለት ክፍል ካለ ከማጽዳቱ በፊትና በኋላ ፍጥነቱን ይለካ፤ ተማሪዎቹ በሰንጠረዥ ይመዝግቡት።