ኮርያ መሐንዲሶችዋን እንዴት መለሰች

የደቡብ ኮርያ የኢንዱስትሪ ዕድገት በተነሣ ቍጥር ስለ ብረቱ፣ ስለ መርከቡና ስለ መኪናው ብዙ ይነገራል። ፋብሪካዎቹን ያቆሙት ሰዎች የት እንደ ተማሩ ግን እምብዛም አይወሳም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ዓ.ም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፑሳን ወደብ ሲደርሱ ያዩት አገር በጦርነት የፈረሰ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም የአንድ ኮርያዊ ዓመታዊ ገቢ በአማካይ ከ100 ዶላር አይደርስም ነበር።

ይሁን እንጂ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ አጥታ አታውቅም። የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1946 ተቋቁሞ መሐንዲሶችን ያስመርቅ ነበር። ነገር ግን የላቦራቶሪ ዕቃ ስለማይገኝና የመምህሩም ደመወዝ ለኑሮ ስለማይበቃ፣ ከምሩቃኑ መካከል ብሩህ የሆኑት ለከፍተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ፤ ከሄዱትም አብዛኞቹ በዚያው ይቀራሉ። ድኻው አገር አስተምሮ ለባለጸጋው ያበረክት ነበር ማለት ነው።

መንግሥት በመጀመሪያ የሞከረው መፍትሔ የምርምር ድርጅት ማቋቋም ነበር። በ1966 በአሜሪካ ርዳታ የተመሠረተው የኮርያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በብረታ ብረት ሊቁ በዶክተር ቾይ ህዩንግ-ሱፕ መሪነት፣ በውጭ አገር የሚሠሩ ኮርያውያን ሊቃውንትን መሰብሰብ ጀመረ። ደመወዛቸው ከዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ደመወዝ በብዙ የሚበልጥ ስለ ነበር ቅሬታ አልጠፋም። የተመለሱት ሊቃውንት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ተከታዮቻቸውን በአገር ውስጥ የሚያሠለጥን ካልተገኘ ነገሩ ከአንድ ትውልድ አያልፍም።

መላውን ያመጡት ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ የነበረ የፊዚክስ ምሁር፣ ዶክተር ቹንግ ኩን-ሞ ናቸው። ቹንግ የተማሩበት የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ሐና በ1969 የአሜሪካን የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት እንዲመሩ ሲሾሙ፣ ትውውቁን ተጠቅመው በኮርያ የማስተርስና የዶክተር ዲግሪ ብቻ የሚሰጥ አዲስ ተቋም እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረቡላቸው። ሐሳቡ ሴኡል ሲደርስ የትምህርት ሚኒስቴርና ነባሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተቃወሙት። ገንዘብ ካለ ያሉትን ማጠናከር ይሻላል ባዮች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ-ሂ ግን ጉዳዩን ከትምህርት ሚኒስቴር አውጥተው፣ ከተቋቋመ ጥቂት ዓመታት ብቻ ለሆነው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሰጡት። በ1970 ልዩ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፍሬድሪክ ተርማን የመሩት ቡድን ጥናቱን አቀረበ፤ በ1971 መጀመሪያም የኮርያ ከፍተኛ የሳይንስ ተቋም በ6 ሚሊዮን ዶላር የአሜሪካ ብድር ሥራውን ያዘ።

ስለ ተቋሙ የሚጻፉ ጽሑፎች በተርማን ጥናትና በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ያተኵራሉ። ወጣቱን በይበልጥ የሳበው ግን ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ለተማሪው የትምህርት ክፍያ አልነበረበትም፤ መኖሪያና የኪስ ገንዘብ ይሰጠው ነበር፤ ከሁሉም በላይ ከረጅሙ የውትድርና ግዴታ ነፃ ይሆን ነበር፤ በምትኩም ሲመረቅ ለተወሰኑ ዓመታት በአገሩ በሙያው ማገልገል አለበት። ወንድ ልጅ ሁሉ በሚዘምትበት አገር ይህ ውል ከማንኛውም የነፃ ትምህርት ዕድል የከበደ ነበር። ቀደም ሲል ወደ አሜሪካ ይሻገር የነበረው ወጣት አሁን ለመቅረት ምክንያት አገኘ።

መምህራኑም እንዲሁ። በ1975 ፌርቻይልድ ከተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ወጥተው ወደ ተቋሙ የመጡት ዶክተር ኪም ቹንግ-ኪ በዚያን ጊዜ ገና 33 ዓመታቸው ነበር። የኮርያ የሴሚኮንዳክተር ሥራ በጀማሪነት ላይ በነበረበት ወቅት፣ ኪም ተማሪው በሰሌዳ ከተጻፈ ቀመር አልፎ መሣሪያውን በገዛ እጁ እንዲሠራ፣ ሲበላሽም ራሱ ፈትቶ እንዲያበጅ ያስገድዱት ነበር። መሐንዲስ እጁን ማቆሸሽ ነውር በሚመስልባቸው አገሮች (እንዲህ ያለው አመለካከት በኮርያ ብቻ የነበረ አይደለም) ይህ ቀላል ትምህርት አልነበረም። በላቦራቶሪያቸው ከ100 በላይ ሰዎች ሠልጥነው ወጡ። በ1983 ሳምሰንግ ወደ ሜሞሪ ቺፕ ሥራ ሲገባ ካገኛቸው መሐንዲሶች መካከል ከዚሁ ተቋም የወጡ ነበሩ፤ በ1977 ማስተርስ ዲግሪውን በዚያ የተቀበለው ኩዎን ኦ-ህዩን በኋላ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኗል።

ተቋሙ በ1981 ከምርምር ድርጅቱ ጋር ተዋሐደ፤ በ1989 ተለይቶ ወደ ዴጆን ከተማ ተዛወረ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩ ተማሪዎቹ የተካፈሉበት የመጀመሪያዋ የኮርያ ሳተላይትም በ1992 ወደ ጠፈር ተመነጠቀች።

ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው። ገንዘቡና ምርጡ ተማሪ ወደ አንድ ግቢ ሲጐርፍ፣ አብዛኛው ኮርያዊ የሚማርባቸው ዩኒቨርሲቲዎች በብዙ ተማሪና በጥቂት መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ቈዩ። መንግሥት በየዩኒቨርሲቲው ያለውን የድኅረ ምረቃ ትምህርት በሰፊው መደገፍ የጀመረው በ1999 «ብሬይን ኮርያ 21» በተባለው ፕሮግራም ነው፤ ያም ቢሆን ገንዘቡ ለተመረጡት ብቻ ስለ ተሰጠ ፕሮፌሰሮች ለተቃውሞ አደባባይ ወጥተዋል። በ1970 ተሸንፎ የነበረው ክርክር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ልምድ ጥቂት ቀድታለች። የአዳማና የአዲስ አበባ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በ2011 ተለይተው ሲሰየሙ፣ በኋላም ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተጠሪ ሲሆኑ፣ አዳማን ኮርያዊ ፕሬዚዳንት ሲመሩት፣ የተቀዳው የአስተዳደሩ አቋም ነበር። ውሉና ገበያው ግን አብረው አልተቀዱም፤ ሊቀዱም አይችሉም ነበር። የሴኡሉ ተቋም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በተቀበለበት በ1973 ዓ.ም የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ ምድጃ ተለኵሶ መሐንዲስ ይፈልግ ነበር።