ሰሙ ለምን ወርቁን ያክላል? የግጥም ስያሜዎቻችን ታሪክ ከቅኔ ቤት እስከ ኩየራ

«ሰምና ወርቅ ምንድን ነው?» ብትባሉ «ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም፣ ወርቁ ደግሞ ውስጡ የተደበቀው» ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። መልሱ ልክ ነው፤ ፈተናም ያሳልፋል። ስያሜው የያዘው ነገር ግን ከዚህ ይሰፋል። የግጥም ስያሜዎች ከሰማይ አልወረዱም። እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ግጥም ለመመዘን የተሠሩ መሣሪያዎች ናቸው። ታሪካቸውን ካላወቅን ደግሞ አንዱን ሚዛን ይዘን ሁሉን ነገር ልንመዝን እንነሣለን።

እስቲ ከአንጥረኛው እንጀምር። ወርቅ ሠሪ የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይገባበታል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን ቅርጽ ይዞ ይገኛል። ይህ ዘዴ ያረጀ እንዳይመስላችሁ፤ የጄት ሞተር ተርባይን ምላጮች ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው። ምህንድስና የተማረ ሰው ስለዚህ ዘዴ አንድ ነገር አይረሳም፦ ሰሙ ላይ ያለ ጭረት ብረቱ ላይም ይወጣል። ሰሙ ጎደሎ ከሆነ ወርቁ ሙሉ አይሆንም።

የቅኔ ሊቃውንት ስያሜውን ከአንጥረኛው ሲወስዱ ይህን ሕግም አብረው ወስደዋል። ሰሙ ራሱን የቻለ፣ ስሜት የሚሰጥ ነገር መሆን አለበት። ለምሳሌ ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀኋትን ተራ ግጥም ተመልከቱ፦

ክረምቱ ገባና ጭቃው አስጨነቀኝ፣
ልሄድ ብነሣማ ባሌ ነው የራቀኝ።

ሰሙ የመንገደኛ ሮሮ ነው፦ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ባሌ የሚባለው አገር ደግሞ ሩቅ ነው። ወርቁ የአንዲት ሴት ናፍቆት ነው፦ ባለቤቷ ርቋታል። ሁለቱን የያዘው «ባሌ» ኅብረ ቃል ይባላል። ልብ በሉ፤ ጭቃውና ክረምቱ ባይኖሩ ኖሮ የመንገዱ ታሪክ አይሞላም ነበር። ሰሙ ሲላላ ወርቁም ገና ከመነሻው ይጋለጣል። «የተደበቀ ትርጉም» የሚለው ፍቺ ይህን አይነግረንም፤ የአንጥረኛው ሥራ ግን ይነግረናል።

ሁለተኛው ስያሜ «ቤት» ነው። በግዕዝ ቅኔ ቤት የስንኝ መለኪያ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት አለው፣ መወድስ ስምንት። ተማሪው በዋድላ፣ በጎንጅም ሆነ በዋሸራ መንገድ ቢማር ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። በአማርኛ ደግሞ «ቤት መታ» ስንል የስንኞቹ መጨረሻ ገጠመ ማለታችን ነው። ፊደሉም እኮ በቤት የተከፈለ ነው፤ ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ ሁሉም የ«ቀ» ቤት ልጆች ናቸው። ከላይ ያለችው ግጥም በ«ቀኝ» ቤት ትመታለች።

ግጥምን በቤት መመሰል የእኛ ብቻ አይደለም። በዓረብኛም አንድ የግጥም መስመር «በይት» ይባላል፤ ትርጉሙ ያው ቤት ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን በባስራ የኖረው አል ኸሊል ኢብን አሕመድ የዓረብኛን የግጥም ምጣኔ ሕግ ሲያወጣ ክፍሎቹን «ገመድ» እና «ካስማ» ብሎ በድንኳን ዕቃ ሰይሟቸዋል። ጣልያኖች የግጥም አንጓን «ስታንዛ» ይሉታል፤ ክፍል ማለት ነው። ሁሉም በሚያውቀው ቤት መሰለ፤ አንዱ በድንኳን፣ ሌላው በክፍል።

ሦስተኛው ልኬት «ቀለም» ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ የቁጥር ይሆናል። ወል ቤት የሚባለው የአማርኛ ምጣኔ በእያንዳንዱ ሐረግ 6፣ በስንኙ 12 ቀለም አለው። ሰንጎ መገን 5 እና 5 ነው። ታዲያ ቀለም ማለት ፊደል ነው? ቆጥራችሁ ሞክሩት። የግጥሟ የመጀመሪያ ስንኝ 16 ፊደል አለው፣ ሁለተኛው 15። በድምፅ ስትሉት ግን ሁለቱም 12፣ 12 ናቸው። ምስጢሩ ያለው ሳድስ ላይ ነው። «ክረምቱ» ውስጥ «ክ»ም «ም»ም ሳድስ ናቸው፤ «ክ» ግን አናባቢ ስላላት ትቆጠራለች፣ «ም» ደግሞ ከፊቷ ያለችው «ረ» ላይ ተለጥፋ ስለምትነበብ አትቆጠርም። ጽሑፉ ሁለቱን አይለይም፤ ጆሮ ይለያል። የአማርኛ ግጥም ምጣኔ የሚቆጥር የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ሌላ የስያሜ ጎርፍ መጣ። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት። ቃሎቹ አማርኛ ናቸው፤ አከፋፈላቸው ግን ሥሩ በግሪክና በላቲን የንግግር ጥበብ ውስጥ ነው። ዛሬ ተማሪው የቅኔ ቤቱንም የአውሮፓውንም በአንድ ሰንጠረዥ ይሸመድዳቸዋል።

አሁን እነዚህን ሁሉ መለኪያዎች ይዘን ወደ ኩየራ እንሂድ። ኩየራ ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰሙባታል፤ ሰውም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገር ልብ አይለውም። እዚህ ያለ ተማሪ በአማርኛ ክፍል «ግጥም ቤት ይመታል» ብሎ ጽፎ ቤቱ ሲገባ አያቱ የሚሉትን ጌረርሳ ይሰማል። ሚዛኑ ይጋጭበታል።

ይህችንም ለምሳሌ ራሴ ነኝ ያዘጋጀኋት፦

ቢሻን ለገ ኬሰ ያኣ፣
ያድኒ ገራ ኬሰ ያኣ።

«ውሃ በወንዝ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሐሳብ በሆድ ውስጥ ይፈስሳል» ማለት ነው። በአማርኛው ሚዛን ስትታይ ትወድቃለች፦ ሁለቱም ስንኞች በአንድ ቃል ነው ያለቁት፤ አንድን ቃል ደግሞ ቤት ማድረግ እንደ ድክመት ይቆጠራል። በኦሮሞ ቃል ግጥም ግን ዋናው ብልሃት ይኸው ነው። ስንኞቹ ትይዩ ናቸው። የመጀመሪያው ከተፈጥሮ አንድ ምስል ያነሣል፣ ሁለተኛው በዚያው ልክ ተቆርጦ የሰውን ነገር ያስቀምጥበታል። «ለገ» እና «ገራ» ቦታ ሲለዋወጡ ድምፃቸውም ይቀራረባል፤ ወንዙ ሆድ ሆነ። በ1922 እ.ኤ.አ. ጣልያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የሰበሰባቸውን የኦሮሞ ቃል ግጥሞች በሃርቫርድ በኩል ሲያሳትም ይህን የድምፅና የምስል ትይዩነት አስተውሎታል። ከእርሱ በፊትም በ1894 እ.ኤ.አ. ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በኤርትራ፣ በምንኩሉ ባሳተሙት የአፋን ኦሮሞ ማስተማሪያ ውስጥ የቃል ሥነ ጽሑፍ ተካቷል፤ የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነበር።

ሌላም አለ። አፋን ኦሮሞ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያል፤ የ«ለገ» መጨረሻ አጭር፣ የ«ገራ» መጨረሻ ረጅም ነው። የአማርኛው ቀለም ቆጠራ ሁለቱን እኩል አንድ አንድ ብሎ ያልፋቸዋል። የዚህ ዓይነቱ ልዩነት ምን ያህል ሊያስረሳ እንደሚችል የሶማልኛ ታሪክ ያሳያል። የሶማሌ ገጣሚዎች በአናባቢ እርዝማኔ የሚመጠን ጥብቅ ግጥም ለዘመናት ሲገጥሙ ኖረዋል፤ ሕጉ ግን በጆሮ ብቻ ነበር የሚታወቀው። በ1976 እ.ኤ.አ. ገጣሚው ጋሪዬ በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ሲጽፍ ነው በቁጥር የተገለጸው። ሕጉ ያን ጊዜ አልተወለደም፤ ያን ጊዜ የተወለደው መለኪያው ነው።

በምህንድስና አንድ መሣሪያ ዜሮ ሲያነብ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ የሚለካው ነገር የለም፣ ወይም መሣሪያው ለዚያ ነገር አልተሠራም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ድልድይ ያፈርሳል። በግጥምም እንደዚሁ ነው። «ቤት አልመታም፣ ስለዚህ ግጥም አይደለም» ያለ ሰው የመሣሪያውን ወሰን የግጥሙ ጉድለት አድርጎ አነበበ። በዚህ የሚጎዳው ፈተናው አይደለም፤ አያቱ የሚሉት ነገር ጥበብ እንዳልሆነ አምኖ የሚያድገው ልጅ ነው።

ደግነቱ የስያሜው መዝገብ አልተዘጋም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ አቅራቢያ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በሚነገርበት አገር ነው የተወለደው። በሐረግ 8 ቀለም እየመጠነ ደጋግሞ ሲገጥም በቆዩት ስሞች ሊጠሩት አልተመቸም። «ልኩን ሳተ» ተብሎ አልተጣለም፤ ምጣኔው «ጸጋዬ ቤት» ተብሎ በእርሱ ስም ተጠራ። ግጥሙ ቀደመ፣ ስሙ ተከተለ። ሰሙ፣ ቤቱ፣ ቀለሙም እንዲሁ ነበር የመጡት። ስለዚህ ቀጥሎ ስሙን የማታውቁለት ግጥም ሲገጥማችሁ «ምን ጎደለው?» ከማለታችሁ በፊት «በምን ልለካው?» ብላችሁ ጠይቁ።