ቆጥ ላይ የተሰወሩት የሰዓት መሣሪያዎች

አንድ የቆየ ውድ የእጅ ሰዓት በሠራው ፋብሪካ ይታደስ ሲባል ነገሩ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ስሙ በሰዓቱ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ፋብሪካውም በዚያው ስም ዛሬም ይሠራል። ይሁን እንጂ ስም መለዋወጫ አይቀርጽም። የተበላ ጥርስ ወይም የተጣመመ ዘንግ እንደ ጥንቱ ሆኖ የሚተካው የቀድሞው ንድፍ፣ ቅርጽ ማውጫውና ፕሬሱ፣ ከሁሉም በላይ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ተጠብቆ የቆየ እንደ ሆነ ነው። ይህ የጠፋበት ፋብሪካ የገዛ ሥራውን እንደ ባዕድ ሥራ ፈትቶና ለክቶ ከመጀመር በቀር ሌላ አማራጭ የለውም። የስዊዘርላንዱ ዜኒት ከዚህ ዕጣ የዳነው ለጥቂት ነው።

ዜኒት እ.ኤ.አ. በ1865 ለ ሎክል በተባለችው ከተማ የተመሠረተ የሰዓት ፋብሪካ ነው። መቶኛ ዓመቱ ሲቃረብ፣ በ1962፣ መሐንዲሶቹ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን በራሱ የሚሞላ ክሮኖግራፍ፣ ማለትም ቁልፉን ሲጫኑት እንደ ሩጫ ሰዓት ጊዜ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ ለመሥራት ተነሡ። ሥራው ከታሰበለት ጊዜ ዘግይቶ በጥር ወር 1969 ለሕዝብ ታየ። ስሙም ኤል ፕሪሜሮ ተባለ፤ በስፓኝ ቋንቋ «የመጀመሪያው» ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሌሎች ሰዓት ሠሪዎችም ተመሳሳይ ሥራ ስላወጡ፣ ቀዳሚው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የማያከራክረው ግን የማሽኑ ብልኀት ነው። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ የእጅ ሰዓቶች በሰዓት 18,000 ጊዜ ሲመቱ፣ ይህ 36,000 ጊዜ፣ ማለት በሰኮንድ 10 ጊዜ ይመታ ነበር። ስለዚህ የሰኮንድን አንድ ዐሥረኛ ለመለካት ቻለ። ፍጥነቱ ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ፤ ዘይቱ ከመዘውሩ ጥርሶች ላይ ይፈናጠራል፣ ሞላው የበለጠ ጉልበት ይጠየቃል፣ ክፍሎቹም ፈጥነው ያልቃሉ። ይህ ሁሉ መፍትሔ ማግኘት የነበረበት በ6.5 ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ ነው።

ዓመቱ ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ 1969፣ የጃፓኑ ሴይኮ በኳርትዝ የሚሠራውን የእጅ ሰዓት በቶኪዮ ለገበያ አቀረበ። የኳርትዝ ሰዓት በትክክለኛነቱ የሚወዳደረው አልተገኘም፤ ዋጋውም እየረከሰ ሄደ። በስዊዘርላንድ የሰዓት ኢንዱስትሪ በ1970 ወደ 90,000 ይጠጋ የነበረው የሠራተኛ ቁጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። ዜኒትም በ1971 ስሙ በአጋጣሚ አንድ በሆነ በሺካጎ የራዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ እጅ ገብቶ ነበር። በ1975 ከባለቤቶቹ ትእዛዝ ደረሰ፤ የሞላ ሰዓት ማምረት ይቁም፣ መሣሪያዎቹም እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይሸጡ የሚል ነበር። ትእዛዙ የእብደት አልነበረም። በዚያ ዓመት የሒሳብ መዝገብ ሲታይ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ መሣሪያን በክብደቱ መገመቱ ላይ ነው።

ሻርል ቬርሞ የተባሉት የፋብሪካው ባለሙያ ቢያንስ አንድ ትንሽ ክፍል እንዲቀር ለአለቆቻቸው አመለከቱ፤ ሰሚ አላገኙም። ከዚያ በኋላ ፕሬሶቹን፣ ካሞቹን፣ መቁረጫዎቹንና ንድፎቹን ከሥራ ሰዓት ውጭ ጥቂት በጥቂት እያጓጓዙ በፋብሪካው ቆጥ ውስጥ ሸሸጉ። ከመሸሸጉ ይልቅ አስተዋይነታቸው የሚታየው ግን በሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ዕቃ ምልክት አደረጉበት፣ የአመራረቱንም ሂደት በጽሑፍ መዘገቡ። ያለዚያ መዝገብ የትኛው ቅርጽ ማውጫ ከየትኛው ፕሬስ ጋር በስንተኛው ደረጃ እንደሚገባ ለማወቅ እንደ ገና ብዙ መድከም ባስፈለገ ነበር።

አሜሪካውያኑ በ1978 ፋብሪካውን ለስዊዞች መልሰው ሸጡ። የሞላ ሰዓት ገበያ ሲያንሰራራ ቬርሞ የቆጡን ምስጢር ገለጹ፤ በ1984 ኤል ፕሪሜሮ እንደ ገና መመረት ጀመረ። ከ1988 ጀምሮ ሮሌክስ ሳይቀር ይህንኑ ማሽን ምቱን ወደ 28,800 ዝቅ አድርጎና ብዙ ክፍሎቹን ቀይሮ ዴይቶና በተባለው ሰዓቱ ውስጥ ተጠቀመበት።

መሣሪያው ጠፍቶ ወረቀት ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን የብሬጌ ፋብሪካ ታሪክ ያሳያል። በ1783 ለንግሥት ማሪ አንቷኔት ታዞ በ1827 የተጠናቀቀው የብሬጌ ሰዓት በ1983 ከኢየሩሳሌም ሙዚየም ተሰረቀ። በ2005 ፋብሪካው ዋናውን ሳያይ፣ ከመዛግብትና ከሥዕል ብቻ ተነሥቶ አምሳያውን መሥራት ጀመረ፤ ሥራው እስከ 2008 ፈጀ። የሚያስገርመው፣ አምሳያው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በ2007፣ የተሰረቀው ሰዓት መገኘቱ ተገለጸ።

ዜኒት በ2020 የጥንት ሰዓቶቹን ከየቦታው እየሰበሰበና በለ ሎክል እያደሰ መሸጥ ጀመረ። ለኤል ፕሪሜሮ ማሽን እድሳት የቬርሞ ውለታ አለበት። ማሽኑ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ያለቀው ይለወጣል፣ ምቱ ይስተካከላል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ያለው ስለ ሰዓቱ ገጽና ስለ ቀፎው ነው። የደበዘዘ ገጽ በአዲስ ቢተካ ሰዓቱ ያምራል፤ ነገር ግን ዕድሜው የጻፈበት ይጠፋል። ቀፎው ሲወለወልም የጠርዙ ስለት ይሟሟል፤ የሄደው ወርቅ ወይም ብረት ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ብዙ ሰብሳቢዎች ሰዓታቸውን ለፋብሪካ ሲሰጡ «ማሽኑን አድሱ፣ ገጹንና ቀፎውን አትንኩ» ብለው በጽሑፍ ያሳስባሉ።