የከተማ ጎዳና ልጃገረድ በአፍሪቃ ልብ ወለድ

ነገሥታትና ጦርነቶች ጸሐፊ አያጡም፤ በገበያ መካከል ካርቶን አንጥፋ የምታድር ልጅ ግን ታሪኳ የሚጻፍበት መዝገብ የላትም። በአፍሪቃ ይህን መዝገብ በከፊል የያዘው ልብ ወለድ ነው። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ልጅቱን አቅርቦ ለማየት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናይጄሪያ ነፃነቷን ባገኘች በዓመቱ፥ በ1961፥ ሲፕሪያን ኤክዌንሲ «ጃግዋ ናና» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ጃግዋ ከአገር ቤት ወደ ሌጎስ የመጣች፥ ዕድሜዋ 45 የደረሰ፥ በጭፈራ ቤት ከምታገኛቸው ወንዶች በሚሰጣት ገንዘብ የምትኖር ሴት ናት። ፍሬዲ የተባለውን ወጣት መምህር ወዳ፥ እንግላንድ ሄዶ ሕግ እንዲማር ትደክማለች፤ ተምሮ ሲመለስ የእርጅናዋ ደጋፊ እንዲሆናት ታስባለችና። አንባቢ ቢያዝንላትም ቢፈርድባትም፥ መንገዷን የመረጠች ዐዋቂ ሴት መሆኗን አይረሳም።

ከ42 ዓመት በኋላ፥ በ2003፥ ጋናዊቱ ደራሲ አማ ዳርኮ «ፌስለስ»፥ ማለት «ፊት አልባ» የተባለውን ልብ ወለድ አወጡ። በዚህ ግን የምናገኛት የ14 ዓመቷ ፎፎ ናት፤ በአክራ ከተማ በአግቦግብሎሺ ገበያ ካርቶን ላይ ታድራለች። ታላቅ እኅቷ ቤቢ ቲ በዚያው ገበያ ሞታ ተጥላ ትገኛለች። የነገሩ ሥር ሲመረመር፥ ልጅቱን ለሴተኛ አዳሪነት ከሚያሰማሩ ሰዎች እጅ የጣለቻት የገዛ እናቷ ናት። ደራሲዋ እናቲቱን ከበደል ነፃ አያወጧትም፤ ነገር ግን ወንዶች ልጅ እያስወለዱ የተዉአት ድኻ መሆኗን አይሸሽጉም። ጋና የሕፃናትን መብት ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ በ1990 ያጸደቀች አገር ናት። መጽሐፉ የሚለካው እንግዲህ ከዚያ ሕግ እስከዚህ ገበያ ያለውን ርቀት ነው።

በ2005 ደግሞ፥ በዚያን ጊዜ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ የነበሩት ናይጄሪያዊው ኡዌም አክፓን፥ በናይሮቢ ጎዳና ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ የገና በዓል አጭር ልብ ወለድ አወጡ። እናቲቱ ልጆቿ ረኃባቸውን እንዲረሱ የጫማ ማጣበቂያ ታሸታቸዋለች። የ12 ዓመቷ ማይሻ ሰውነቷን እየሸጠች ለታናሽ ወንድሟ ለጂጋና ትምህርት ገንዘብ ታመጣለች። ታሪኩን የሚነግረን የ8 ዓመቱ ጂጋና ራሱ ነው፤ እኅቱ ከቤተሰቡ ስትለይ እርሱም ትምህርቱን ትቶ ይሸሻል።

ጃግዋና ማይሻ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የሚደክሙት ወንድ እንዲማር ነው። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ጃግዋ በፍሬዲ ትምህርት የራሷን የነገ ኑሮ ለመግዛት ታስብ ነበር፤ ማይሻ ግን ለራሷ የምታስቀረው ነገ የላትም። ጂጋና የሸሸው ትምህርትን ጠልቶ አይደለም፤ ዋጋውን ስላወቀ ነው። በትምህርት ቤት መዝገብ የክፍያው ልክ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ከማን ሰውነት እንደ ወጣ ግን አይጻፍም። ያን ያልተጻፈውን የጻፉልን እነዚህ ደራስያን ናቸው።